መቱ ዙሪያ ባዶ መሬት የለም

ባለፈው ፋሲካ ማግስት አንድ ደላላ ግቢያችን ድረስ መጣ። ከቤታችን ጀርባ ያለውን የቡና ማሳ ከዳር እስከ ዳር በእርምጃ ለካው። ሲጨርስ ጫማው ላይ የተጣበቀውን እርጥብ ቅጠል በእንጨት እየጠረገ ወደ አባቴ ዞረና «አባባ፣ ይኼ እኮ ባዶ መሬት ነው፤ ለምን ዝም ብሎ ይቀመጣል?» አለ። ይህን ሲል የቆመው ዋንዛ ጥላ ሥር ነበር። በግራም በቀኝም ቡና አለ። ዋንዛው ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ባዶ የተባለው እንግዲህ ይኼ ነው።

አባቴ ዝም አለ። ታላቅ ወንድሜ ዋጋ ጠየቀ። እኔም ዋጋውን ስሰማ፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ልቤ ዘለለ። አዲስ አበባ ውስጥ በሦስት ዓመት ደሞዜ የማልደርስበት ብር ነው።

ጠቤ ከደላላው ጋር አይደለም፤ እሱ እንጀራው ነው። ጠቤ ከቃሉ ጋር ነው። «ባዶ መሬት» የሚለውን መቱ ውስጥ ደላላውም፣ ሹሙም፣ ባጃጅ ነጂውም፣ ከውጭ ብር የሚልከው ዘመድም እኩል ይለዋል። ቤት ካልተሠራበት ባዶ ነው። ቆርቆሮ ካላበራበት ባዶ ነው። እኔ ይህ ቃል ውሸት ነው እላለሁ፤ ያውም ኪሳችንን የሚያጎድል፣ ምንጫችንን የሚያደርቅ ውሸት። ከማንም በላይ የምናራግበው ደግሞ እኛ ነን። ተማርን የምንለው፣ ከላይ የተቀረጸ የድሮን ቪዲዮ እየተቀባበልን «መቱ አደገች!» የምንል ልጆች።

ማደጓን አልክድም። ከበደሌ ተነስታችሁ በያዩና በሁሩሙ በኩል የመጣችሁ ታውቁታላችሁ። በልጅነቴ መኪናው ከዛፍ የሚወጣው ከተማው አፍ ላይ ሲደርስ ነበር፤ ዛፍ፣ ዛፍ፣ ዛፍ፣ ከዚያ ድንገት መቱ። አሁን መቱ ሳትደርሱ መቱ ይጀምራችኋል። መጀመሪያ የአሸዋና የብሎኬት ክምር፣ ቀጥሎ በባሕር ዛፍ አጣና የታጠረ ቁራጭ መሬት፣ ቀጥሎ በር ላይ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት፣ ሰው ያልገባበት ቤት።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መቱ ከተማ ውስጥ የተቆጠረው ሰው 30 ሺህ አይሞላም ነበር። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ውስጥ ቆጠራ አልተካሄደም። እንግዲህ ስንት ሰው እንዳለን ሳንቆጥር ነው ስንት ሄክታር እንደሚያስፈልገን የምንናገረው። ከዚያ ቆጠራ በኋላ ዩኒቨርሲቲው መጣ። ከዩኒቨርሲቲው ጋር መምህር መጣ፣ ኪራይ ቤት መጣ፣ ፎቶ ኮፒ ቤትና ጁስ ቤት መጣ። ሆስፒታሉ ሰፋ። የጎሬ–መቱ አየር ማረፊያ ወሬ ሲሰማ ደግሞ እኛ ሰፈር የመሬት ዋጋ አውሮፕላኑን ሳይጠብቅ ተነሳ።

ይህን ሁሉ የምጠላ እንዳይመስላችሁ። ምጥ የያዛት ሴት ጅማ ድረስ በመኪና የምትንገላታበት ዘመን ይመለስልኝ የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ከተማ ይስፋ። ጥያቄዬ ምን ላይ ተረግጦ ይስፋ ነው።

* * *

እስቲ ሽያጩ እንዴት እንደሚካሄድ ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ተጽፎ ግን እምብዛም አናየውም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ ማንም መሬት አይሸጥም። ገበሬው «ይበደራል»። ይህን ያህል ብር ተበድሬአለሁ፣ መመለስ ካቃተኝ መሬቴን ይጠቀምበት ብሎ ይፈርማል። ወይም ነገሩ «ስጦታ» ይሆናል፤ አይቶት ለማያውቀው ሰው ከፍቅር የተነሳ 200 ካሬ ሰጠ ይባላል። ምስክሮች ይፈርማሉ፣ ብር ይቆጠራል፣ አለቀ።

በዚህ ጨዋታ የሚበላው ገበሬው ነው። ሽያጩ ከሕግ ውጭ ስለሆነ ገዢው «ነገ ቢፈርስብኝስ» እያለ ዋጋ ያወርዳል። ነገ የከተማው ክልል ሲሰፋና ቦታው ካርታ ሲያገኝ ግን ትርፉ የገዢው ነው። በገበሬ ዋጋ ተገዝቶ በከተማ ዋጋ ይሸጣል። በመሃል ያለውን ልዩነት ቡናውን የተከለው ሰው አያየውም።

እኔም ከዚህ ንጹሕ አይደለሁም። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ላፕቶፕ ያስፈልገኛል ብዬ ቤት ደወልኩ። አባቴ «እሺ ልጄ» አለ፤ ሌላ ምንም አላለም። በሳምንቱ ብሩ ገባልኝ። ክረምት ላይ ስመለስ ከማሳችን በመንገድ በኩል ያለው ጥግ በቆርቆሮ ታጥሮ አገኘሁት። እዚያ ጥግ ላይ የነበረውን ቡና የተከለው አያቴ ነው። ላፕቶፑ አራት ዓመት አገለገለኝ። አሁን የት እንዳለ እንኳ አላውቅም።

«መንግሥት ሲወስደውስ ካሳ አለ አይደል?» ትሉ ይሆናል። አለ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 የአምስት ዓመት አማካይ ገቢን በ10 ያባዛ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ምትክ መሬት ላላገኘ ባለይዞታ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ትልቁን ዓመታዊ ገቢ በ15 ያባዛል። ተሻሽሏል፤ እውነት ለመናገር ብዙ ተሻሽሏል። ግን ሒሳቡ የሚሠራው በትናንት ዋጋ ነው። ቡና ተተክሎ በሦስት በአራት ዓመቱ ማፍራት ይጀምርና ከተንከባከቡት ለአሥርት ዓመታት ይሰጣል። ብር ደግሞ ባንክ ተቀምጦ እንዴት እንደሚሟሟ ለናንተ አልነግራችሁም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብርን ምንዛሪ ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ የዓረቢካ ቡና ዋጋ በዓለም ገበያ አንዱ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላው፣ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም። እኛ ግን ቡናው በታሪኩ ውድ በሆነበት ሰሞን ቡናውን ነቅለን ብሎኬት እንደረድራለን። «እድገት» የምንለው ይኼን ከሆነ ሌላ ስም ልንፈልግለት ይገባል።

* * *

ከተማ መንገድና ቢሮ ስላገኘ ብቻ ለዘላለም ይኖራል ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ጎሬ ሄዶ ይይ። ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በባጃጅ ባይሆንም በሚኒባስ ቅርብ ነው።

ጎሬ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ ነበረች። በ1894 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ወንዝ ላይ፣ ጋምቤላ፣ የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ክረምት ላይ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም ይመጣል። የኢሉባቦር ቡና ከጎሬ በበቅሎና በሰው ጀርባ ቁልቁል ይወርዳል፤ ጨውና ጨርቅ ይወጣል። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሶሪያዊው ጎሬ ላይ ሱቅ ከፈተ። የእንግሊዝ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ነበራት። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ ጎሬ ያልተያዘው የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ሆነች፤ ራስ እምሩ ወደዚያ መጡ፣ እስከ ኅዳር 1929 ዓ.ም. ድረስም ባንዲራው አልወረደም።

ከዚያስ? ንግዱ ፊቱን ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ መንገድ አዞረ። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ የጋምቤላው ጣቢያ ዘመን አበቃ። በደርግ ጊዜ ዋና ከተማነቱ ወደ መቱ መጣ። ነጋዴው ሱቁን ዘጋ፣ ቆንስሉ ሄደ፣ ሹሙ ማኅተሙን ይዞ 25 ኪሎ ሜትር ተጓዘ።

ኢሉባቦር ራሷስ? አንድ ጊዜ እስከ ሱዳን ድንበር የምትደርስ ክፍለ ሀገር ነበረች። ከፊሏ ጋምቤላ ሆነ፣ ከፊሏ ወደ ሸካ ሄደ፣ ቅርብ ጊዜ ደግሞ በደሌ ቡኖ በደሌ ተብሎ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ካርታ ይቀየራል። ቢሮ ይዛወራል። መንገድ ፊቱን ያዞራል።

ጎሬን ዛሬ በእግሯ ያቆማት ግን ሹሞቹ ጥለውላት የሄዱት ነገር አይደለም። ቡናው ነው፣ ማሩ ነው፣ ጉመሮ ያለው የሻይ እርሻ ነው። መሬቱ ስለተረፈ ከተማዋ ተረፈች። አሁን መቱ በተራዋ የዞን ከተማ ናት። ተራ ደግሞ ያልፋል። ያን ቀን ዙሪያችንን በሙሉ በቆርቆሮ ጨርሰነው ከሆነ በምን እንቆማለን?

* * *

ስለ «ባዶ መሬት» አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ይህንን እያንዳንዱ የመቱ ልጅ እንደ ስሙ ሊያውቀው ሲገባ፣ እኔ ራሴ የሰማሁት አዲስ አበባ አንድ ካፌ ውስጥ የቡና ከረጢት ላይ ሳነብ ነው። ከረጢቱ ላይ የአካባቢው ስም፣ ከፍታው፣ ከዚያ ዝም ብሎ ቁጥር ተጽፏል፦ 74110፣ 74112። የስልክ ቁጥር መስሎኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ፣ ባለሙያዎቹ ሲቢዲ የሚሉት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ፈንገስ ነው፤ ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ያጠቁረውና ያረግፈዋል። ገበሬው ዛፉ ሙሉ ጥቁር ነገር ይዞ ይቀራል። የአገሪቱ ትልቁ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ አደጋ ላይ ወደቀ። ጅማ፣ መልኮ ያሉ ተመራማሪዎች መድኃኒት በመርጨት ብቻ አገር እንደማይድን ስለገባቸው ጫካ ለጫካ መዞር ጀመሩ። የሚፈልጉት በሽታው በዙሪያው እያለ ያልታመመ ዛፍ ነበር።

አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1974 ካገኟቸው መሃል ሁለቱ መቱ አካባቢ ቢሻሪ ከሚባል ቦታ ነበሩ። 74 ዓመቱ ነው፤ 110 እና 112 የዛፎቹ ተራ ቁጥር። የእነዚያ እናት ዛፎች ዘር ተባዝቶ ለገበሬ ተሰራጨ። ዛሬ 74110 እና 74112 ከኢሉባቦር አልፈው በሲዳማና በጌዴኦ ማሳዎች ሳይቀር ተተክለዋል። ቶኪዮና ኦስሎ ያለ ቡና ቆይ ከረጢቱ ላይ ቁጥሩን እያተመ ይሸጣል።

እስቲ አስቡት። በዚያ ዓመት ቢሻሪ ውስጥ አንድ ደላላ በእርምጃ እየለካ «ይኼ ባዶ መሬት ነው» ብሎ ቢሆንስ? ያቺ ዛፍ 200 ካሬ ውስጥ ገብታ ቢሆንስ? ዛፉ ላይ ማስታወቂያ አልተለጠፈም ነበር። ማንም አያውቃትም ነበር። ዋጋዋ የታወቀው በሽታ ሲመጣ ነው።

ሌላ በሽታ አይመጣም ያለው ማነው? ሙቀቱስ? የዓረቢካ ቡና የትውልድ ቦታው ይህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ነው፤ በዱር ያለው ዓረቢካ ደግሞ ዛሬ በዓለም አቀፍ መዝገብ ለመጥፋት ከተጋለጡ ዝርያዎች አንዱ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 ከመቱ ብዙ የማይርቀውን የያዩን የቡና ጫካ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ብሎ የመዘገበው አእዋፍ እንዲዘምሩበት ብቻ አይደለም፤ የዓለም ቡና መጠባበቂያ ዘር እዚያ ስላለ ነው።

በዚያው ያዩ የሆነውን ግን ታውቁታላችሁ። ከምዝገባው ሁለት ዓመት በኋላ የድንጋይ ከሰል ማዳበሪያ ፋብሪካ ሥራ ለሜቴክ ተሰጠ። ገበሬ ከመሬቱ ተነሳ፣ ዛፍ ወደቀ፣ ቢሊዮን ብር ተወራ። የማዳበሪያ ከረጢት ግን አልወጣም። ፋብሪካው ሳይመጣ ቀረ፤ ጫካው ግን «ፋብሪካው ስላልመጣ ልመለስ» አይልም።

* * *

ቡና የማይጠጣ ሰው ካለ ስለ ውሃ ላውራው።

ኢሉባቦር ውስጥ በየሸለቆው ጨፌ አለ። በዓል ሲመጣ ወለል ላይ የምንጎዘጉዘው ሣር የሚታጨድበት፣ ድሮ የሣር ቤት የሚከደንበት ረግረግ። ጨፌ የክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ ያስቀምጥና በጋ ላይ ጥቂት ጥቂት እያለ በምንጭ ይመልሰዋል። ጎሬና አካባቢዋ ከአገሪቱ ከፍተኛ ዝናብ ከሚዘንብባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ያ ሁሉ ዝናብ በአንድ ጊዜ ወደ ሶርና ወደ ባሮ ወርዶ እንዳያልቅ የሚይዘው ጫካውና ጨፌው ነው።

መጀመሪያ ለበቆሎ ተብሎ ቦይ ተቆፍሮ ተንጠፈጠፈ። ቀጥሎ ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ ተተከለበት። አሁን ደግሞ ቤት እየተሠራበት ነው። ጨፌ ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ደላላው ብር ለሌለው ሰው የሚያሳየው እሱን ነው። ሰውየው በጋ ላይ ይገዛል፤ መሬቱ ደረቅ ይመስላል። ሐምሌ ላይ ወለሉ ውሃ ያወጣል። የቆፈረው መጸዳጃ ጉድጓድ ይሞላና ከታች ያለው ምንጭ ውስጥ ይገባል። ከምንጩ የሚቀዳው ማነው? የእሱው ልጅ። አገሩ በሙሉ ዝናብ እየወረደበት ጀሪካን ይዞ የሚሰለፍ ሰፈር ያየ ሰው፣ ምክንያቱ ምን እንደሆነ ቁልቁል ወርዶ ጨፌውን ይይ።

* * *

ወንድሜ ይህን ሁሉ ስነግረው ምን እንዳለኝ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም የእሱ ክርክር ከደላላው ይከብዳል።

«አንተ አዲስ አበባ ቁጭ ብለህ ስለ ቡና ጫካ ትጽፋለህ። እኔ ነኝ እዚህ ያለሁት። ሁለት ልጅ አለኝ። የሰው ባጃጅ እየነዳሁ ነው። ቡናው በዓመት አንድ ጊዜ ነው ብር የሚሰጠኝ፤ ልጅ ግን በየቀኑ ይበላል። ግማሹን ብንሸጠው የራሴን መኪና እገዛለሁ። ገበሬ ሆኖ መቅረት ለኔ ብቻ ነው እንዴ የተፈረደው?»

ለዚህ ቀላል መልስ የለኝም። እሱ ትክክል የሆነበት ቦታ አለ፦ ጫካው ለዓለም፣ ለአገር፣ ለከተማው የሚሰጠውን ጥቅም ሁላችን እየተካፈልን፣ የመጠበቂያውን ወጪ ግን እሱ ብቻውን እንዲከፍል መጠየቅ ግፍ ነው። «አትሽጥ» ብቻ ማለት ስብከት ነው።

ግን የተሳሳተበትም አለ። መኪና አምስት ዓመት ከሠራ በኋላ መለዋወጫ ብቻ ነው የሚጠይቀው። የተሸጠው ግማሽ ሲያልቅ ደግሞ ቀሪው ግማሽ አለ፤ ደላላውም ስልክ ቁጥራችን አለው። ሰፈራችን ውስጥ መሬታቸውን በየቁራጩ ሸጠው፣ ዛሬ በገዛ መሬታቸው ላይ በተሠራ ግቢ በር ላይ ዘበኛ የሆኑ ሽማግሌ አሉ። ስማቸውን አልጠራም። ጠዋት ጠዋት አገኛቸዋለሁ፤ በሩን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

የዚህ ዓይነት ችግር በኛ አልተጀመረም። አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚባል ቦታ ሰምታችኋል፤ አበሻ የሞላበት። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሜሪላንድ ውስጥ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው፤ ካውንቲ ስል እንደኛ ዞን አድርጋችሁ ውሰዱት። ይህ ቦታ የገበሬ አገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ሕዝቡ 165 ሺህ አይሞላም፤ በ2020 ከአንድ ሚሊዮን አልፏል። ከዋሽንግተን የሚወጣው ሰው እርሻውን እየበላ ሲሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 መስመር አሰመሩ። ከካውንቲው አንድ ሦስተኛ የሚጠጋውን፣ ወደ 38 ሺህ ሄክታር፣ ይህ እርሻ ነው፣ እርሻ ሆኖ ይቆያል አሉ።

ገበሬውን ግን ባዶ እጁን አላስቀሩትም። በዚያ መስመር ውስጥ ያለ ገበሬ መሬቱን ሳይሸጥ «ቤት የመሥራት መብቱን» ብቻ መሸጥ ይችላል። የሚገዛው ሕንጻ ሠሪው ነው፤ መብቱን ወስዶ ከተማ ውስጥ፣ መንገድና ባቡር ባለበት፣ ከተፈቀደለት በላይ ብዙ ቤት ይሠራበታል። ገበሬው ብር ያገኛል፣ እርሻው ይቆያል፣ ከተማው ወደ ላይ ያድጋል። ፍጹም ነው አልልም፤ ያም አገር ጭቅጭቅ አለው። የመሬት ሕጋችን የተለየ ስለሆነ ገልብጠን የምናመጣውም አይደለም። ግን ሐሳቡ ይገባችኋል፦ መስመር ይሰመራል፣ በመስመሩ ውስጥ የቀረ ሰው ይካሳል። በገንዘብ የጠገበው አገር እንኳ መሬት ማለቂያ እንዳለው ገብቶት መስመር ካሰመረ፣ እኛ በምን ድፍረት ነው የማናሰምረው?

* * *

የኔ ሐሳብ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ የመቱ፣ የጎሬ፣ የሁሩሙ፣ የያዩ የከተማ ፕላኖች ላይ የቡና ጫካና ጨፌ በስማቸው ይጻፉ። በቀለም ይሰመሩ፣ ካርታው ሕዝብ በሚያየው ቦታ ይለጠፍ። «ለማስፋፊያ የተያዘ» ተብሎ የሚታለፈው ቦታ ላይ ምን እንዳለ ይታወቅ።

ሁለተኛ፣ ከተማው መጀመሪያ ወደ ውስጥ ይደግ። መሃል መቱ ውስጥ ስንት ሰፊ ግቢ አለ፣ አንድ የጭቃ ቤትና አንድ ፍየል ብቻ የያዘ? ስንት አሮጌ የቀበሌ ቤት አለ፣ ባለ ሁለት ፎቅ ሊሸከም የሚችል ቦታ ላይ የተንጋደደ? ነዋሪው ሳይፈናቀል እዚያው ከፍ ብሎ ሊሠራ ይችላል። ውሃው፣ መብራቱ፣ መንገዱ አለ። ጫካውን ነቅሎ እስከ ጫካው ድረስ ቧንቧ ከመዘርጋት ይረክሳል።

ሦስተኛው ለኛ ነው፤ ለልጆቹ። ቤት ደውለን «ብር ላኩልኝ» ስንል ብሩ ከየት እንደሚመጣ እንጠይቅ። መሬት ከመሸጥ በፊት ቡናውን በደንብ መሸጥ እንሞክር። አባቶቻችን ቡናውን ቀይ ሳይሆን ለቅመው፣ መሬት ላይ አስጥተው፣ ጀንፈል አድርገው ለመጣው ነጋዴ በመጣው ዋጋ ይሰጣሉ። ቀይ ፍሬ ለይቶ መልቀም፣ አልጋ ላይ ማድረቅ፣ በማኅበር ሆኖ ገዢ መፈለግ፣ ማሩን አጣርቶ ማሸግ፤ ይህ ስልክና እንግሊዝኛ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ስልኩም እንግሊዝኛውም ያለው እኛ ጋ ነው። ለቲክቶክ ከምናጠፋው ሰዓት ሩቡ ይበቃዋል።

* * *

እናቴን ሳልጠቅስ ብጨርስ ይቆጨኛል። እናቴ የኢሉባቦር ተወላጅ አይደለችም። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ደርግ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ካሰፈረው ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው መሃል አንዷ ናት። ከወሎ ስትመጣ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ያን ጊዜም የተባለው ይኸው ነው፤ ምዕራቡ ለም ነው፣ ባዶ ነው። ባዶ አልነበረም። የሰፈራ ጣቢያ የተቆረቆረበት መሬት የአንድ ኦሮሞ ገበሬ ጫካ፣ የሌላው ግጦሽ፣ የሌላው የቀፎ ቦታ ነበር። እኔ የሁለቱም ልጅ ነኝ፤ የአባቴ ዘመዶች መሬታቸው «ባዶ» የተባለባቸው ናቸው፣ እናቴ ደግሞ «ባዶ» በተባለው ላይ እንድትሰፍር የተላከች።

ደላላው በመጣ ቀን እናቴ ጓዳ ሆና ቡና እየቆላች ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። ሰውየው ከሄደ በኋላ ወጣችና፣ ለማንም ሳትል፣ «ባዶ መሬት ያየሁት እኔ ነኝ» አለች። «ባዶ መሬት እንዲህ አይደለም። ባዶ መሬት ላይ ወፍ የለም።» ተመልሳ ገባች። ቡናው እንዳያርርባት ነው።

ከበዓሉ በኋላ ለወንድሜ አንድ ነገር አልኩት። ነገ ከአባታችን የሚደርሰኝ ድርሻ ካለ ይውሰደው፤ በወረቀት ልፈርምለት። ከደሞዜም በየወሩ ለመኪናው የማዋጣውን ልኬ እጀምራለሁ፤ ጀምሬአለሁም። በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ ማሳው ቡና ሆኖ ይቆያል። ስጽፍ ርካሽ የሆነው ነገር ስከፍል ውድ እንደሆነ በየወሩ መጨረሻ አየዋለሁ፤ ግን ወንድሜ ብቻውን ይክፈል ልል አልችልም።

እስካሁን መልስ አልሰጠኝም። ደላላው ደግሞ ባለፈው ሳምንት ደውሎ ዋጋ ጨምሯል። እናንተም ቤት ስትደውሉ የናንተው ደላላ ስንት እንዳለ ጠይቁ። ከዚያ አባታችሁን ያ መሬት ላይ ምን እንዳለ ጠይቋቸው፤ አንድ በአንድ፣ ዛፉን በስሙ፣ ምንጩን በስሙ። ጥሪው እስኪያልቅ ዘርዝረው ላይጨርሱት ይችላሉ።